የምጥ ፊኛ፦ ምጥን በመሣሪያ ማስጀመር ምን ማለት ነው?

የመውለጃ ቀኗ ያለፈ ወይም የደም ግፊቷ ከፍ ያለ ነፍሰ ጡር ሆስፒታል ስትሄድ «ምጥ እናስጀምርልሽ» ልትባል ትችላለች። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚያስበው በግሉኮስ የሚንጠባጠበውን የምጥ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ባለሙያዎቹ አንዳንድ ጊዜ ከመድኃኒቱ በፊት፣ አንዳንድ ጊዜም በመድኃኒቱ ፈንታ፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ በማህፀን በር በኩል አስገብተው ጫፉ ላይ ያለውን ፊኛ በውሃ ይሞላሉ። ያን ጊዜ ውጭ ለሚጠብቀው ዘመድ የሚደርሰው ወሬ «ላስቲክ ከተቱባት» የሚል ይሆናል። ባል ይደነግጣል፣ እናት ታለቅሳለች፣ አንዱ «አውጡላትና ሌላ ቦታ እንውሰዳት» ይላል። አሠራሩን ብናውቀው አብዛኛው ድንጋጤ ቦታ አይኖረውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምጥን በመሣሪያ የማስጀመሪያ ዘዴዎችን፣ በተለይም ይህን ፊኛ፣ ዘርዘር አድርገን እናያለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። በአማርኛ ፊኛ ስንል የሽንት ከረጢትንም ልጆች የሚነፉትንም ነው። እዚህ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ በውሃ ስለሚሞላ ትንሽ የጎማ ከረጢት። ነገሩን የሚያደናግረው ቱቦው ራሱ መጀመሪያ የተሠራው ለሽንት ፊኛ መሆኑ ነው።

የበሩ ጉዳይ

ማህፀን በእርግዝና ወራት በሩን አጥብቆ ዘግቶ ይቆያል። በሩ ረዘም ያለ፣ ጠንካራና ወደ ኋላ የዞረ ነው። መውለጃው ሲቃረብ ይለሰልሳል፣ ያጥራል፣ ይሳሳል፣ ወደ ፊት ይመጣል፤ ከዚያ መከፈት ይጀምራል። አዋላጆች ይህን «በሩ በሰለ» ይሉታል። ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩም ያልበሰለው ሲነካ እንደ አፍንጫ ጫፍ ይጠነክራል፣ የበሰለው ደግሞ እንደ ከንፈር ይለሰልሳል ይላሉ። የመምህርነት ልማድ ሆኖብን እንዲህ ያለ ምሳሌ ደስ ይለናል፤ ማንም ራሱን ነክቶ ይረዳዋል።

አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን መብሰል በነጥብ የሚለካ ዘዴ አወጣ። አምስት ነገሮች ይታያሉ፦ በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ተከፈተ፣ ምን ያህል ሳሳ፣ ምን ያህል ለሰለሰ፣ ወዴት ዞረ፣ የልጁ ጭንቅላትስ ምን ያህል ወረደ። ድምሩ ከ13 ነው። ከ6 በታች ከሆነ በሩ አልበሰለም ይባላል። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምጡ ቢጀመር በደህና የመውለድ ዕድሉ ጥሩ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። ባልበሰለ በር ላይ የምጥ መድኃኒቱን በግሉኮስ ቢያንጠባጥቡ ማህፀኑ ይኮማተራል፤ በሩ ግን አይከፈትም። እናቲቱ ለረጅም ሰዓት ትሠቃያለች፤ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በሩን ማብሰል ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይሠራል፤ በመድኃኒት ወይም በመሣሪያ።

ፊኛው እንዴት ይሠራል?

ቱቦው ፎሊ ካቴተር ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካስተዋወቀው አሜሪካዊ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ከፍሬደሪክ ፎሊ ነው። ዛሬም በየሆስፒታሉ ሽንት መሽናት ላልቻለ ታማሚ የሚገባው ያው ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኤምብሬይና ሞሊሰን የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች ለማህፀን በር ማብሰያ እንደተጠቀሙበት ጽፈው አሳተሙ። ሐሳቡ ግን ከዚያም በፊት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደኑ ሮበርት ባርንስ የጎማ ከረጢት፣ የፓሪሱ ሻምፕቲየ ደ ሪብ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ከረጢት በማህፀን በር እያስገቡ በውሃ ይሞሉ ነበር። በዚያ ዘመን ችግሩ የመሣሪያው ንጽሕና ነበር፤ ኢንፌክሽን ብዙ እናቶችን ይጎዳ ነበር።

ዛሬ እናቲቱ በጀርባዋ ተኝታ ባለሙያው በንጹሕ መሣሪያ የማህፀኑን በር እያየ ወይም በጣቱ እየመራ ቱቦውን ያሳልፋል። ጫፉ ከውስጠኛው በር አልፎ፣ በልጁ ከረጢትና በማህፀኑ ግድግዳ መካከል ይቀመጣል። ከዚያ ፊኛው ከ30 እስከ 80 ሚሊ ሊትር በሚደርስ ንጹሕ ውሃ ይሞላል፤ አየር አይሞላም። ቱቦው ቀስ ተብሎ ሲሳብ ፊኛው በሩ ላይ ከውስጥ ይደገፋል። የውጪው ጫፍ በእናቲቱ ጭን ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ሁለት ፊኛ ያለው ቱቦ አለ፤ አንዱ ከበሩ ውስጥ፣ ሌላው ከበሩ ውጭ ሆነው በሩን በመካከላቸው ይጫኑታል። ዋጋው ከፎሊው በብዙ ይበልጣል፤ በውጤት ግን ያን ያህል አይበልጠውም።

ፊኛው ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ክብደቱና ግፊቱ በሩን ቀስ በቀስ ይለጥጠዋል። ሁለተኛው አይታይም። የልጁ ከረጢት ከማህፀኑ ግድግዳ ትንሽ ሲላቀቅና በሩ ሲለጠጥ ሰውነቷ ራሱ ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። በሩን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው የማብሰያ መድኃኒትም የዚሁ ንጥረ ነገር ቤተሰብ ነው። ስለዚህ «መሣሪያ» ብንለውም ሥራውን የሚጨርሰው የእናቲቱ አካል ነው።

በሩ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲከፈት ፊኛው በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ሲሆን የሚደነግጡ አሉ። መደንገጥ አያስፈልግም፤ የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ለአዋላጇ መንገር ብቻ ነው። ካልወረደ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ባለሙያው ውሃውን ቀንሶ ያወጣዋል።

አሁን ደግሞ ቤተሰብን በጣም የሚያሳስተውን እንናገር። ፊኛው በሩን ይከፍታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ምጡን አያመጣም። ማታ የገባላት እናት ጠዋት ላይ ፊኛው ወርዶ፣ ምጥ ግን ገና ሳይመጣ ልትገኝ ትችላለች። ይህ ውድቀት አይደለም። ከዚያ በኋላ የእንሽርት ውሃው ሊፈስስላት፣ ኦክሲቶሲን በግሉኮስ ሊጀመርላት ይችላል፤ ምጡ የሚፋፋመው ያኔ ነው። ከፊኛው መግባት እስከ መውለድ አንድ ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በተለይ የመጀመሪያ ልጇ ለሆነች ይረዝማል። «ትናንት ከሰዓት ጀምሮ እስካሁን?» እያለ በየሰዓቱ የሚደውል ዘመድ እሷን ከማስጨነቅ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። በእነዚህ ሰዓታት ባለሙያው ካልከለከላት በቀር ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትራመዳለች፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች። ሲገባ የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ሕመም ይኖራል፤ ትንሽ ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽም ይታያል።

ከመድኃኒቱ ጋር ሲነጻጸር

የመድኃኒቱ ጉዳት ማህፀኑን ከልክ በላይ ሊያኮማትር መቻሉ ነው። ማህፀን ሲኮማተር ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ እረፍት ካልሰጠ ልጁ ይታፈናል። አንዴ የተዋጠን ኪኒን ደግሞ መመለስ አይቻልም። ፊኛውን ግን ውሃውን ቀንሶ በደቂቃ ውስጥ ማውጣት ይቻላል። በኔዘርላንድስ 12 ሆስፒታሎች 824 እናቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ፊኛውን ከፕሮስታግላንዲን ጄል ጋር አነጻጽሮ በኦፕራሲዮን የወለዱት ብዛት ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል፤ በፊኛው 23፣ በጄሉ 20 በመቶ።

ይህ ማለት ግን ፊኛው ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። በህንድ ናግፑር 602 የደም ግፊት ያለባቸው እናቶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሞ ነበር። በአፍ የሚወሰድ ሚሶፕሮስቶል ከተሰጣቸው 57 በመቶው በ24 ሰዓት ውስጥ በተፈጥሮ መንገድ ሲወልዱ፣ በፊኛው ግን 47 በመቶው ነበሩ። የደም ግፊት ባለባት እናት ላይ ሰዓት ትልቅ ነገር ነውና ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ «እህቴ በፊኛ ነው የወለደችው፣ እኔም እሱን» ማለት አያዋጣም፤ ምርጫው እንደ ሁኔታዋ ነው።

በአገራችን ሁኔታ ፊኛው ሌላም ጥቅም አለው። ኦክሲቶሲንም ሆነ ዲኖፕሮስቶን ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ። ሚሶፕሮስቶል ማቀዝቀዣ ባይፈልግም ለምጥ ማስጀመሪያ የሚመከረው መጠን 25 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ብዙ ቦታ የሚገኘው ኪኒን 200 ነው። አንዲትን ትንሽ ኪኒን በስምንት እኩል መክፈል እንዴት እንደሚያስቸግር ማንም ይገምተዋል። ቱቦው ግን ርካሽ ነው፣ መብራት ቢጠፋም አይበላሽም፣ በየሆስፒታሉም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም ፊኛውን ከሚመክራቸው ዘዴዎች አንዱ አድርጎታል።

ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ሚሶፕሮስቶል የቀድሞውን ጠባሳ የመቅደድ አደጋ ስላለው ለእሷ አይሰጥም። በተፈጥሮ መንገድ መውለድ የምትችል ከሆነና ምጥ ማስጀመር ግድ ከሆነ ሐኪሙ ፊኛውን ሊመርጥ ይችላል። ይህ ግን ወዲያው ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚቻልበት ሆስፒታል ብቻ ነው የሚሆነው። የቀድሞውን ኦፕራሲዮን መደበቅ፣ «በድሮው ነገር ምን አገባቸው» ማለት፣ ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

የእንግዴ ልጁ በሩን ከዘጋ፣ ልጁ አግድም ከተኛ፣ እትብቱ ቀድሞ ከመጣ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከፈሰሰ ወይም ማህፀኑ ከዚህ በፊት ተቀዶ ከነበረ ፊኛም ሆነ መድኃኒት አይሞከርም። የእንሽርት ውሃው ቀድሞ ከፈሰሰ ኢንፌክሽን ስለሚያሰጋ ሐኪሙ ፊኛውን ላይመርጠው ይችላል።

ሌሎች የመሣሪያና የእጅ ዘዴዎች

ባለሙያዋ ስትመረምር ጣቷን በበሩ አስገብታ የልጁን ከረጢት ከማህፀኑ ግድግዳ በክብ ማላቀቅ ትችላለች። ያማል፤ ከዚያ በኋላም ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ምጡ በራሱ እንዲመጣ ስለሚረዳ ሌላ ማስጀመሪያ የሚያስፈልጋቸውን እናቶች ቁጥር ይቀንሳል። ይህን ከማድረጓ በፊት ግን ልትነግራትና ልታስፈቅዳት ይገባል። «ልመርምርሽ» ብሎ ሳይናገሩ መጨመር ትክክል አይደለም።

የእንሽርት ውሃውን በመሣሪያ ማፍሰስም የቆየ ዘዴ ነው። ይሁንና ለብቻው ምጥ ማስጀመሪያ እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ውሃው አንዴ ከፈሰሰ መመለሻ የለም፤ የልጁ ጭንቅላት ካልወረደ ደግሞ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ከደረቀ የባሕር አረም ግንድ የሚሠራ፣ ፈሳሽ እየመጠጠ የሚያብጥ ዘንግም አለ። ላሚናሪያ ይባላል፤ አሁን በፋብሪካ የተሠራ ምትክ አለው። በእኛ አገር ለምጥ ሲባል የሚያጋጥም ነገር አይደለምና እንለፈው።

ስለ ቴምርም ይጠየቃል። በዮርዳኖስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከመውለዳቸው በፊት ለአራት ሳምንት በቀን ስድስት ቴምር የበሉ 69 እናቶችን ካልበሉ 45 ጋር አነጻጽሮ፣ የበሉት ሆስፒታል ሲደርሱ በራቸው ይበልጥ ተከፍቶ አግኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው። ስኳር ለሌለባት እናት ቴምር መልካም ምግብ ነው፤ ሐኪም «ዛሬ ምጥ መጀመር አለበት» ካለ በኋላ ግን ቴምር ይዞ ወደ ቤት መመለስ ሌላ ነገር ነው።

ቀኑ በእርግጥ አልፏል?

ምጥ የሚጀመረው በምክንያት ነው። የደም ግፊት፣ ውሃው ፈስሶ ምጥ አለመምጣቱ፣ እርግዝናው 41 ሳምንት መሙላቱ ከዋና ዋናዎቹ ናቸው። የመጨረሻው በቆጠራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሄዳል።

እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይሆናል። መስከረም 10 ያየች ሰኔ 20 ማለት ነው። በመሐል ጳጉሜን ካለች ግን የሚጨመረው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ጥር 10 ያየች ጥቅምት 15 ትጠብቃለች። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ አራት ቀን ይጨመራል።

በሒጅራ የምትቆጥር እህት የበለጠ መጠንቀቅ አለባት። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው። ዘጠኝ የጨረቃ ወር 266 ቀን ያህል ነው፤ ከ280 ሁለት ሳምንት ይጎድላል። የወር አበባዋን ለመጨረሻ ጊዜ በረመዷን መጀመሪያ ያየች እናት «ዘጠኝ ወሬ ጁማደል-ሣኒ ሲገባ ሞልቷል» ካለች ገና 38ኛ ሳምንት ላይ ናት፤ ትክክለኛው ቀኗ የጁማደል-ሣኒ አጋማሽ ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቃ «ቀኔ አለፈ፣ አስጀምሩኝ» ብትል ገና 40 ሳምንቷ ነው። ለዚህ ነው በክትትል መጀመሪያ ላይ ቀኑን በትክክል መናገርና ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ መነሳት የሚመከረው። በመጨረሻው ወር የሚነሳ አልትራሳውንድ ቀን ለመቁጠር ብዙም አያስተማምንም።

ቀኑ በትክክል ተቆጥሮ ካለፈ በኋላ «ቀኑን አላህ ያውቃል፣ ለምን ይነካካል?» የሚሉም አሉ። ሰበብ ማድረግ፣ ሕክምና መፈለግ፣ ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱና የታወቀ ነው። ከ41 ሳምንት በኋላ የእንግዴ ልጁ አቅም እየቀነሰ፣ ልጁ በሆድ የመሞት አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ዝም ብሎ መጠበቅም ራሱ ውሳኔ ነው፤ የሚያስከትለውም አለ።

እዚያው ሆና የሚያሳስባት

ሴት አዋላጅ እንድትመረምራት መጠየቅ መብቷ ነው፤ አስቀድማ ብትናገር በብዙ ቦታ ይቻላል። ሴት ባለሙያ ከሌለች ግን ምርመራው አስፈላጊ ነውና ወንድ ሐኪም ሊመረምራት ይፈቀዳል፤ ባሏ ወይም ሌላ ሴት አብራት ትሁን። ለምን እንደሚጀመርላት፣ በሯ ስንት ነጥብ እንዳገኘ፣ ፊኛው ካልሠራ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ትጠይቅ። አንዴ አለመሳካቱ ወዲያው ኦፕራሲዮን ማለት አይደለም፤ እናትና ልጅ ደህና ከሆኑ ሌላ ዘዴ ይሞከራል።

ደሙ እንደ ወር አበባ ከበዛ፣ የሚፈሰው ውሃ ከአረንጓዴ ወይም ከደም ከተቀላቀለ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላት፣ ሕመሙ እረፍት ከነሳት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ አዋላጇን ወዲያው ትጥራ፤ «አስቸገርኩ» አትበል።

የሶላት ጥያቄም አለ። ፊኛው ከገባ በኋላ የሚታየው ጥቂት ደም ሶላት ያቋርጣል? በአገራችን በስፋት በሚከተሉት በሻፊዒይ እና በሐነፊይ መዝሀቦች ልጁ ከመወለዱ በፊት በምጥ ምክንያት የሚወጣ ደም ኒፋስ አይደለም። ስለዚህ በቻለችው ሁኔታ፣ ተቀምጣም ተኝታም ቢሆን፣ ትሰግዳለች። በሐንበሊይ መዝሀብ ግን ከመውለድ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት ከምጥ ምልክት ጋር የሚታይ ደም ከኒፋስ ይቆጠራል። የምትከተለውን መዝሀብ የሚያውቅ ዓሊም ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ብትጠይቅ ይሻላል። በአልጋ ላይ ሆና በስልክ ፈትዋ መፈለግ ከባድ ነው።